ማር የማትሰጠዋ ንብ

ዛሬ ስለ ንብ ላወራችሁ ነው። ማር ግን ብዙም የለበትም፤ ብርሌያችሁን አስቀምጡ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፋችሁ አምበርን ታገኛላችሁ። ወሩ ጥቅምት ከሆነ የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሷል። እስቲ አንድ የድህረ ምረቃ ተማሪ መረብ ይዞ እዚያ ማሳ ዳር ቆሞ አስቡት።

«ምን ትሠራለህ ልጄ?»
«ንብ እይዛለሁ አባቴ።»
«ቀፎህ የታለ?»
«የዱር ንብ ናት፤ ማር አትሰጥም።»
«ታዲያ ምን ልታደርግልህ?»

አትሳቁ፤ ጥያቄው የኛ የከተሜዎቹም ነው። ንብ ሲባል የሚታየን ቀፎ ነው። በዓለም ላይ ግን ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ንግሥትም ሠራተኛም የላቸውም። እናቲቱ ብቻዋን መሬት ትቆፍራለች ወይም ባዶ አገዳ ትይዛለች፣ ለልጆቿ የአበባ ዱቄት ታከማቻለች፣ በቃ።

«ምን ታደርግልናለች?» ላላችሁ መልሱ ያው ኑጉ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ንብ ኖረች አልኖረች ግድ የለውም። ኑግ ግን የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ካጣ በወጉ አያፈራም። ይህን ሥራ ደግሞ የምትሠራው የቀፎዋ ንብ ብቻ አይደለችም።

የቀፎዋን እንኳ አውቀን አልጨረስንም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው የአገራችንን ንቦች አካል ለክተው አምስት ንዑስ ዝርያዎች አሉ ብለው አሳተሙ። በ2011 ሌሎች ተመራማሪዎች የለም፣ የኢትዮጵያ ንብ ራሷን የቻለች አንዲት ንዑስ ዝርያ ናት አሉና «ሲመንሲስ» ብለው ሰየሟት። ክርክሩ ጤናማ ነው፤ ሳይንስ የሚሄደው እንዲህ ነው። ግን በብዛት የተጠናችው ንብ ይህን ያህል ካከራከረች ስለሌሎቹ ምን እናውቃለን?

ጣዝማን ውሰዱ። ሳል ሲይዘን ማሯን ፍለጋ እንሯሯጣለን። ሳይንሳዊ ስሟ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣላት ግን የተጠራችው በጣሊያናዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ ስም ነው። ጓሯችን ያለችውን ሌላው መዘገባት።

ጊዜውም እያለቀ ነው። መሬት ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ንቦች የሚፈልጉት ያልታረሰ ወሰን ነው። ወሰኑ ሲታረስ ቤታቸው ይገለበጣል፣ ፀረ አረም ሲረጭ አበባቸው ይጠፋል። ሳትመዘገብ የጠፋች ንብ ደግሞ መጥፋቷን እንኳ የሚያውቅ የለም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። የማር ምርት ጥናቱ ይቀጥል፣ ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከመመረቂያ ጥናቶቻቸው ጥቂቱን ለዱር ንብ ይስጡ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለአምበር ጎረቤት ነው። ዕቃውም ውድ አይደለም፦ መረብ፣ የሳሙና ውሃ ያለበት ቢጫ ሳህን፣ መርፌ፣ ማጉያ መነጽር። ውዱ ትዕግሥቱ ነው። የተሰበሰበው አገር ውስጥ ይቀመጥ፣ የአማርኛ ስምም ይውጣለት።

ያ አባት ደግመው «ምን ልታደርግልህ?» ሲሉት፣ ተማሪው ኑጋቸውን ያሳያቸው።