የእሳት ደመና መብረቅ እና የቦረና ሳይንት ደጋ

ሰደድ እሳት ሲበረታ በላዩ ያለውን አየር አሙቆ ወደ ሰማይ ይገፋዋል። ጭስ፣ አመድና የውሃ ተን አብረው ይወጣሉ፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም ጠብታ ይሆንና ከጥቁሩ ጭስ አናት ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ የተቆለለ ነጭ ደመና ይታያል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሳቱ ጉልበት ካለውና ከላይ ያለው አየር ካገዘው ግን ደመናው በረዶ እስከሚሠራበት ከፍታ ይደርስና ነጎድጓድና መብረቅ ይወልዳል። ባለሙያዎች ፓይሮኩሙሎኒምበስ ይሉታል፤ በአማርኛ የእሳት ደመና ማለት ይበቃል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት 173 ሰዎች ባለቁበት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 የእሳት ደመና መብረቁን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጥሎ አዲስ እሳት ለኩሷል። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2021 ከሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት ደግሞ በምዕራብ ካናዳ ከ700,000 በላይ የመብረቅ ክስተቶች ተመዝግበዋል፤ ለብዙዎቹ ምክንያት የሆኑት የእሳት ደመናዎች ነበሩ። እሳት መብረቅን፣ መብረቅም መልሶ እሳትን የሚወልድ ከሆነ መብረቁን አስቀድሞ ማስላት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ስሌቱ ግን ከምን ይነሣ? በዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የኖረው ኮሊን ፕራይስና ዴቪድ ሪንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ቀመር ነው። መብረቅን የሚገምተው ከደመናው አናት ከፍታ ነው፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን የመብረቁ ቁጥር 30 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ቀላል፣ ፈጣን፣ ለሜዳ አገርም የሚያስኬድ ነው። በደጋ ላይ ግን ገና ከጅምሩ ይደናቀፋል። መሬቱ ራሱ 3,000 ሜትር ላይ ባለበት አገር አናቱ 12 ኪሎ ሜትር የደረሰ ደመና ከባሕር ወለል ቢለካ 12፣ ከመሬቱ ቢለካ 9 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ልኬት ቀመሩ በደቂቃ 6.7 መብረቅ ይሰጣል፤ በሁለተኛው 1.6 ብቻ። ለአንድ ደመና አራት እጥፍ የሚለያዩ ሁለት መልሶች ማለት ነው።

መብረቅን የሚሠራው የደመናው ቁመት ሳይሆን በውስጡ ያለው በረዶ ነው። የደጋ እረኛ በክረምት ከሰማይ ወርዶ መዳፉ ላይ የሚያርፈውን ነጭ፣ ልል፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ የበረዶ እንክብል ያውቀዋል። እንክብሉ ብርሃን የማያሳልፈው በደመናው ውስጥ ሲወድቅ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዘው ሳይረጉ የቆዩ የውሃ ጠብታዎች አንድ በአንድ እየተለጠፉበት ስለሚረጉና በመካከላቸው አየር ስለሚቀር ነው። ይህ እንክብል ከቀላል የበረዶ ክሪስታሎች ጋር ሲላተም የኤሌክትሪክ ሙላት ይለዋወጣሉ። ጃፓናዊው ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው የቤተ ሙከራ ጥናት እንዳሳየው እንክብሉ የሚይዘው የሙላት ዓይነት በሙቀቱና ባልረጋው ውሃ መጠን ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ክልል ድንበሩ ነው። ከዚያ በቀዘቀዘው ክልል እንክብሉ አሉታዊ ሙላት ይዞ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ክሪስታሉ አዎንታዊውን ይዞ በሽቅብ ነፋስ ወደ አናት ይወጣል። መብረቅ የዚህ መለያየት ውጤት ነው።

ጭስ ይህን ሥርዓት ያዛባዋል። በጭስ የተሞላ አየር ውስጥ ያለው ውሃ እጅግ ብዙ ለሆኑ ብናኞች ስለሚከፋፈል ጠብታዎቹ ደቃቅ ይሆናሉ፤ ደቃቅ ጠብታ በቀላሉ ዝናብ አይሆንም፤ እንክብሉ ላይም በወጉ አይለጠፍም። እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2001 በካናዳ አልበርታ ከቺዝሆም ቃጠሎ በተነሣው የእሳት ደመና ወደ መሬት ከወረዱት መብረቆች የሚበዙት አዎንታዊ ነበሩ፤ በተለመደው ነጎድጓድ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አሉታዊ ናቸው። ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። አዎንታዊው መብረቅ ብዙውን ጊዜ ኃይሉ ረዘም ላለ ቅጽበት ይፈስሳል፤ ከዝናቡ ርቆም ይወድቃል፤ ስለዚህ ደረቅ ሣር ለማቀጣጠል የተመቸ ነው። የደመናን ቁመት ብቻ የሚያይ ቀመር አሉታዊውን ከአዎንታዊው ሊለይ አይችልም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህን ክርክር ጥርት አድርጎ ያሳያል። ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በነባር ስሙ የደንቆሮ ጫካ፣ ከ1,900 እስከ 3,699 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ከታች ጥድና ወይራ፣ ከላይ አስታ፣ ጓሳና ጅባራ ይበቅሉበታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በስተምዕራብ መሬቱ በድንገት ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አስታ ለእሳት የተሠራ እስኪመስል ይነዳል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ደቃቅ ነው፤ የደረቁ ጭራሮዎቹ ሳይረግፉ ከእርጥቡ ጋር ተጣብቀው ይቆያሉ። እሳት ሲነካው ይንጣጣል፤ ነበልባሉም ከሥር ወደ ጫፍ በቅጽበት ይዘልቃል። ጉቶው ግን አይሞትም፤ መልሶ ያቆጠቁጣል።

በሐሩር ክልል የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፓርኩ ጫፍ እስከዚያ የቀረው 1,300 ሜትር ብቻ ነው። በበጋ የሚሆነው ደግሞ ከዚህም ይልቃል። 3,000 ሜትር ላይ የቀትሩ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ዜሮ ቢሆን የደመናው መሠረት 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 5,500 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ያ ማለት ደመናው ሲወለድ ጀምሮ ከዜሮ በታች ነው። ለሞቃት ዝናብ የሚሆን ክልል የለውም። የሚጥለው ጥቂት ጠብታ መሬት ሳይደርስ በደረቁ አየር ውስጥ ይተንናል። በቆላማ አገር ለሚነሣ እሳት የተቃኘ ሞዴል እንዳለ ወደ ቦረና ቢመጣ በሌለ የዝናብ ክልል ውስጥ የጭስን ሚና ሲያሰላ ይውላል።

ይህ ማለት ግን በቦረና ሳይንት እሳት በተነሣ ቁጥር መብረቅ ይመጣል ማለት አይደለም። የአውስትራሊያ ሜትሮሎጂ ቢሮው ኬቨን ቶሪ ባወጣው መለኪያ የእሳት ደመና ለመፍጠር የሚያስፈልገው የእሳት ጉልበት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ ጭሱ በራሱ ኃይል መውጣት እስኪጀምር መድረስ ባለበት ከፍታ፣ በነፋሱ ፍጥነትና በሚያስፈልገው ተጨማሪ ሙቀት። ከፍታው በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ከሁሉም ይከብዳል። በበጋው ደረቅ አየር ይህ ከፍታ ሩቅ ነው፤ የጓሳ ሜዳ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ደን ብዙ ማገዶ አያከማችም። በክረምት ደመናው ዝግጁ ነው፤ ሣሩ ግን እርጥብ ነው። ማገዶና እርጥበት የሚገናኙት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በልግ ሊገባ ሲያመነታ ነው። በአገሪቱ የታወቁት ትልልቅ ቃጠሎዎችም ጊዜያቸው ይኸው ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በኦሮሚያው ቦረና (የወሎው ቦረና ስም ተጋሪ) ከ100,000 ሄክታር በላይ የተቃጠለው፣ በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነዶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች የመጡት በእነዚሁ ወራት ነው። በደጋው እሳቱን በአብዛኛው የሚለኩሰው ሰው ነው፤ ማር ቆራጭ፣ ግጦሽ አዳሽ፣ ማሳ መንጣሪ። እሳት በተነሣ ቁጥር መብረቅ ስለማይከተል ለዚህ ደጋ የሚሆን ሞዴል ዋና ብቃቱ መብረቅ የማይኖርበትን ቀን ለይቶ «የለም» ማለት መቻሉ ነው። የቁመት ቀመር ይህን አይችልም፤ በረዶውን፣ ጠብታውንና ሙላቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሰላ ሞዴል ይችላል። ድካሙም ለእሳት ብቻ አይቀርም፤ በየክረምቱ ከዛፍ ሥር የተጠለለ ሰውና ከብት የሚገድለው ተራ መብረቅ የሚሠራው በዚያው እንክብልና ክሪስታል ነው።

ሞዴል የሚታረመው በምልከታ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2022 የመጠቀችው የአውሮፓ ሜቴኦሳት ሳተላይት በመብረቅ መቅረጫዋ ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካን ሌትና ቀን ታያለች። የምታየው ብርሃኑን ነው፤ ብልጭታው አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ፣ መሬት ይንካ አይንካ ከላይ ሆና አትለይም። ይህን የሚለዩት የሬዲዮ ሞገድ የሚያደምጡ የምድር መቀበያዎች ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ያለ መሣሪያም ይመዘገባል፦ በልግ ሲገባ ነጎድጓድ በተሰማበት ቀን ዝናቡ መሬት ደርሶ እንደሆነ፣ እንክብል ወርዶ እንደሆነና ሰዓቱ ስንት እንደ ነበር። ይህን በመካነ ሰላም፣ በፓርኩ ጠባቂዎች ቤትና ከታች በዓባይ አፋፍ ባሉ ቀበሌዎች በአንድ ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ደመናው የተወለደው ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ለመገመት ይረዳል።