የቴክኖሎጂ አክሲዮን ሲረክስ፦ ዋጋው ወርዶ ነው ወይስ ሥሩ በስብሶ?

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። መነሻው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ወደ አገራቸው በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ያወጁት ቀረጥ ነበር። ክፉኛ ከተመቱት መካከል የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይገኙበታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር ወርም ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባስነሳው ድንጋጤ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን ብቻ ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጥቶ ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን ደግሞ ቀረጡ ለ90 ቀን መዘግየቱ ሲነገር፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት ናዝዳክ በአንድ ቀን 12 በመቶ ዘለለ። በድንጋጤ የሸጠው ሰው እየተቆጨ፣ የገዛው ደግሞ ራሱን አዋቂ አድርጎ እየቆጠረ ሳምንቱ አለፈ።

እንዲህ ያለው ዜና ዛሬ ኒውዮርክና ለንደን ብቻ አይቀርም። በስልክ በኩል ወላይታ ዞን፣ ቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ ቦምቤ ድረስ ይዘልቃል። ከዜናው ጋርም አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ዋጋው ረክሷል፤ አሁን ካልገዛን መቼ ልንገዛ ነው?» ጥያቄው የስግብግብነት አይደለም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ገንዘቡን በወለድ ማስቀመጥ የማይፈልግ፣ ነጋዴም ያልሆነ፣ ጥቂት ቋጥሮ የያዘ ሙስሊም ዝም ብሎ ቢቀመጥ ጥሪቱ እየሟሟ ነው። ስለዚህ «አትግዙ» ብሎ መመለስ ቀላል ቢሆንም መልስ አይሆንም። ይልቅስ መውረድ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ለይተን እንይ።

ሁለት ዓይነት መውረድ

የቦምቤ አካባቢ ገበሬ ይህንን ልዩነት ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል። አካባቢው ዝንጅብል አብቃይ ነው። የዝንጅብል ዋጋ ሁሉም ገበሬ አንድ ላይ ምርቱን ሲያወጣ ይወርዳል። ያን ጊዜ አቅም ያለው አድርቆ ያስቀምጣል፣ ቀን እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሥሩ ጤነኛ ነው፤ የወረደው የገበያ ዋጋው ብቻ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የመጣው ግን ሌላ ነበር። የዝንጅብል አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች ማሳ ለማሳ ተዛመተ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ በሰበሰ። በዚያ ጊዜ «ዝንጅብል ረክሷልና ዘር ልግዛ» ያለ ሰው የገዛው በሽታውን ነው። ጥሪቱን ሁሉ በአንድ ሰብል ላይ ያዋለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጎዳ።

የቴክኖሎጂ አክሲዮንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ሲፈርስ ናዝዳክ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ 78 በመቶ ያህል ወረደ። አማዞን በዚያ ወቅት ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ። ፔትስ ዶት ኮም የተባለው የቤት እንስሳት ዕቃ ሻጭም ወረደ። በዋጋ ሰሌዳው ላይ ሁለቱም «ርካሽ» ነበሩ። ነገር ግን አማዞን ደንበኛ፣ መጋዘንና እያደገ የሚሄድ ሽያጭ ነበረው፤ ፔትስ ዶት ኮም ግን ዕቃውን ከገዛበት በታች ይሸጥ ስለነበር በዚያው ዓመት ተዘጋ። የመጀመሪያው ዋጋው የወረደ ዝንጅብል፣ ሁለተኛው ሥሩ የበሰበሰ ዝንጅብል ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ጤነኛው አማዞን እንኳ ወደ ቀድሞ ዋጋው ለመመለስ 10 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ናዝዳክ በአጠቃላይ የ2000ውን ከፍታ መልሶ ያየው በ2015 ነው። «ገበያው ሁልጊዜ ይመለሳል» የሚል ሰው መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን መስከረም ላይ ይመጣል፤ 15 ዓመት አይጠብቅም።

የጎረቤታችን ትምህርት

ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 25 በመቶ፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ በ5 ሽልንግ ለሕዝብ አቀረበ። ሕዝቡ ተሻማ፤ ከቀረበው በብዙ እጥፍ ተጠየቀ። ብዙ ሰዎች ከባንክ ተበድረው አመለከቱ። ነገር ግን ጠያቂው ስለበዛ ለተራው ሰው የደረሰው ከጠየቀው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ተበዳሪው ወለድ የሚከፍለው በሙሉው ብድር ላይ፣ የያዘው አክሲዮን ግን ጥቂት ሆነ።

ሰኔ ላይ ግብይት ሲጀመር ዋጋው ከ7 ሽልንግ በላይ ወጣ። ከዚያ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ መጣና በ2009 መጀመሪያ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ተበዳሪው ባንኩ ሲጠይቀው በኪሳራ ሸጠ። በራሱ ገንዘብ የገዛውና የማይቸኩለው ግን ጠበቀ፤ በ2021 ያው አክሲዮን ከ40 ሽልንግ አለፈ። በ2023 ደግሞ እንደገና ከ20 ሽልንግ በታች ተገኘ።

ኩባንያው አንድ፣ የመግዣው ዋጋ አንድ፣ ቀኑም አንድ ነበር። አንዱን ያከሰረው፣ ሌላውን ያተረፈው የገንዘቡ ምንጭ ነው። ሸሪዓ ወለድን መከልከሉን ብዙዎቻችን እንደ ሃይማኖት ግዴታ ብቻ እናየዋለን። የሳፋሪኮም ታሪክ የክልከላውን አንድ ጥበብ በሽልንግ ያሳየናል፦ ተበድሮ የገዛ ሰው የሚሸጥበትን ቀን ራሱ አይመርጥም፤ አበዳሪው ይመርጥለታል።

ወለድ የሌለበት ዕቁብም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዕጣው በስተመጨረሻ የደረሰው ሰው የያዘው የራሱን ቁጠባ ነው። መጀመሪያ ላይ የደረሰው ግን ቀሪውን ሳምንት ሁሉ የሚከፍል ባለዕዳ ነው። በዚያ ገንዘብ አክሲዮን ቢገዛና ዋጋው ቢወርድ የዕቁቡን ክፍያ ከየት ያመጣል? ዕዳ ወለድ ባይኖረውም ዕዳ ነው። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛው ቤት፦ ኢትዮ ቴሌኮም

በአገራችን ለሕዝብ የቀረበው ትልቁ የቴክኖሎጂ አክሲዮን የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ማለትም የኩባንያው 10 በመቶ፣ እያንዳንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን (9,900 ብር)፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን (999,900 ብር) ነበር። ሽያጩ ታኅሣሥ 25 ሊዘጋ ተወስኖ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የገዢው ቁጥር 47,377፣ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር ሆነ።

ይህን ከኬንያ ጋር እናስተያየው። እዚያ ከቀረበው በላይ ተጠየቀ፤ እዚህ ከቀረበው አሥር አንዱ ያህል ብቻ ተሸጠ። ከ75 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው ኩባንያ 50 ሺሕ እንኳ ገዢ አላገኘም። ሥሩ በስብሶ ነው ማለት ግን አይቻልም። ኩባንያው በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አስመዝግቧል፤ ቴሌብርም በመላ አገሪቱ የዕለት ተዕለት መገበያያ ሆኗል። ገዢው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር።

አንደኛው የመውጫ በር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ የተበሰረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የቴሌኮሙ ሽያጭ በተካሄደባቸው ወራት አንድ የቦምቤ ገዢ ችግር ቢገጥመው ነገ ጠዋት አክሲዮኑን የሚሸጥበት ዕለታዊ ገበያ አልነበረም። በየደቂቃው ዋጋ የሚያሳይ ገበያ ያስደነግጣል፤ ዋጋ የማያሳይ ደግሞ ያዘናጋል። አክሲዮን ዋጋው ስላልታየ አልወረደም ማለት አይደለም። 

ሁለተኛው የሙስሊሙ የራሱ ጥያቄ ነው፦ ሐላል ነው?

ዋጋ ሲወርድ የሸሪዓው ሚዛንም ይለወጣል

አክሲዮን መያዝ ማለት የኩባንያው ባለድርሻ መሆን ነው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሥራው ሐላል በሆነ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ መያዝ የተፈቀደ፣ ዋና ሥራው ሐራም በሆነው የተከለከለ መሆኑን ገልጿል። ዋና ሥራው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ በወለድ በሚገበያየው ላይም መሠረቱ ክልከላ ነው ብሏል። መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው የእስልምና ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት በበኩሉ በ21ኛው መመዘኛው በቅድመ ሁኔታ መንገድ ከፍቷል፦ የወለድ ዕዳው ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ ካልበለጠ፣ በወለድ ያስቀመጠው ገንዘብም እንዲሁ 30 በመቶ ካላለፈ፣ ሐራም ገቢውም ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ ካልበለጠ፣ ባለድርሻውም ያንን ድርሻ ለበጎ ሥራ አውጥቶ ገንዘቡን ካጠራ። ዑለማዎች ዛሬም በዚህ ላይ ሁለት አቋም አላቸው፤ ጥንቃቄን የመረጠ የመጀመሪያውን ይይዛል።

በገበያ መውረድ ጊዜ ግን ሁለተኛውን የያዘም ሒሳቡን እንደገና መሥራት አለበት። ምሳሌ እንውሰድ። ገበያው 300 ቢሊዮን ብር የሚገምተው ኩባንያ 60 ቢሊዮን የወለድ ዕዳ ቢኖርበት ዕዳው 20 በመቶ ነውና ያልፋል። አክሲዮኑ በግማሽ ቢወርድ የገበያ ዋጋው 150 ቢሊዮን ይሆናል። ዕዳው አንድ ብር ሳይጨምር 40 በመቶ ሆነ፤ ወሰኑን አለፈ። በዚህ የተነሳ አንዳንድ የእስልምና ኢንዴክሶች የአንድ ቀንን ዋጋ ትተው የብዙ ወራትን አማካይ ይጠቀማሉ። «ባለፈው ዓመት ሐላል ዝርዝር ውስጥ ነበር» ማለት ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። በጣም የረከሰው አክሲዮን ብዙ ጊዜ ዕዳው የበዛበት ነው፤ የሸሪዓው ጥያቄና የነጋዴው ጥያቄ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ዘካም አብሮ ይነሳል። ለመሸጥ ብሎ አክሲዮን የያዘ ሰው ዘካውን የሚያሰላው በገዛበት ሳይሆን ዓመቱ በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ነው። በ9,900 ብር የገዛው 6,000 ቢሆን፣ ከሌላ ገንዘቡ ጋር ተደምሮ ኒሷብ ከሞላ፣ ከዚህኛው የሚወጣው 150 ብር ነው። ለዓመታዊ ትርፍ ክፍፍሉ ብሎ የያዘ ሰው ስሌት የተለየ ስለሆነ ዓሊም ይጠይቅ።

በስልክ የሚመጣው «ዕድል»

ገበያ በወረደ ቁጥር «ለእናንተ የአሜሪካን ቴክኖሎጂ አክሲዮን በርካሽ እንገዛላችኋለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይበዛሉ። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓታችን አገር ውስጥ የሚኖር ተራ ቆጣቢ ከባንክ ዶላር ገዝቶ በውጭ ገበያ አክሲዮን እንዲገዛ የተደላደለ መንገድ አላበጀም። ስለዚህ ብሩን በግለሰብ ሒሳብ የሚቀበል ሰው ሲመጣ መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? አክሲዮኑ በማን ስም ነው የሚመዘገበው? ቋሚ ትርፍ ቃል ይገባል ወይ?

ሦስተኛው ብቻውን በቂ ነው። በሽርክና ውስጥ ትርፍም ኪሳራም የጋራ ነው፤ «በየወሩ ይህን ያህል በመቶ የተረጋገጠ» የሚል ውል ሸሪዓ የማይቀበለው፣ ገበያም የማያውቀው ነው። ሰው ባመጣችሁ ቁጥር ኮሚሽን የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የሚሸጠው አክሲዮን አይደለም፤ የሚሸጠው እናንተን ነው። በመስጂድ የሚተዋወቁ ሰዎች ስለሚተማመኑ እንዲህ ያለው ነገር በጀመዓ ውስጥ ቶሎ ይዛመታል፤ ልክ እንደ ዝንጅብሉ በሽታ በዘር ይተላለፋል።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ገበያ ሲወርድ መግዛት ነውርም ጀግንነትም አይደለም። የዓመት ቀለብና የልጆች ወጪ ተነስቶ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የማይፈለግ ገንዘብ የተረፈው፣ ኩባንያው ምን ሸጦ እንደሚያተርፍ በራሱ አፍ ማስረዳት የሚችል፣ የሒሳብ መግለጫውን አይቶ ወይም አሳይቶ የወለድ ዕዳውን ያወቀ ሰው ጥቂት በጥቂት ቢገዛ አይወቀስም። ይህ ያልተሟላለት ሰው ዋጋው በግማሽ ቢወርድም ለእርሱ ውድ ነው። ጥሪቱን በሙሉ በአንድ አክሲዮን ላይ ማዋል ደግሞ ለማንም አይመከርም፤ የ2004ቱ ማሳ ምስክር ነው።

ይሁንና ሸክሙን ሁሉ በቦምቤ ቆጣቢ ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። የ100 ገጽ የሽያጭ መግለጫ አንብቦ የወለድ ዕዳን ከገበያ ዋጋ ጋር ማስላት የአንድ ገበሬ ወይም የአንድ ሱቅ ነጋዴ ሥራ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ባንኮች የሸሪዓ አማካሪዎች አሏቸው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ዑለማዎች አሉት። እነዚህ ተቀምጠው በአገራችን ገበያ የሚመዘገብን እያንዳንዱን አክሲዮን መርምረው «ይህ ይያዛል፣ ይህ አይያዝም፣ ከዚህኛው ይህን ያህል ይጥራ» የሚል ዝርዝር በየዓመቱ፣ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎችም ቢያወጡ፣ ሚሊዮኖች በጥርጣሬ ከዳር ከመቆም ይድኑ ነበር። ገበያው ገና ጨቅላ ነው። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም፤ የተመዘገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና።

ወላሁ አዕለም።