ኮንክሪትን ከዝናብና ከፀሐይ የመከላከል ሥራና የበጀት ዓመቱ አለመጣጣም

(ዜና ሐተታ)

በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች የአገሪቱ ሞቃታማና እርጥበት አዘል ቆላማ አካባቢዎች በመንግሥት ወጪ የተገነቡ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች በቅጥር ግቢያቸው ውስጥ ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ሀብት አላቸው። ይኸውም በኮንክሪት የተሠራው የእግረኛ መተላለፊያ፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያ፣ የሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች መወጣጫ፣ ደረጃና የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። የሕንፃው ውስጣዊ ክፍል በጣሪያው ከዝናብና ከፀሐይ ይጠበቃል። የግቢው ኮንክሪት ግን ዓመቱን ሙሉ ለሁለቱም የተጋለጠ ነው።

ይህን ሀብት ከጉዳት ለመጠበቅ የሚያስችሉ መከላከያ ቅቦችና ፈሳሾች በገበያ ላይ ይገኛሉ። የሚጠቀሙባቸው መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ይሁንና ቅቡ በሁለተኛው ክረምት ተላጦ፣ የኮንክሪቱ ገጽ ጠቁሮና አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጊዜ በአብዛኛው ተወቃሽ የሚሆነው የቁሳቁሱ ጥራት ወይም አቅራቢው ነው። ጉዳዩ ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን ለብልሽቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሥራው የሚከናወንበት ወቅት ሆኖ ይገኛል፤ ወቅቱን የሚወስነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ሳይሆን የበጀት አጠቃቀማችን ነው።

የአየር ጠባዩን በቅድሚያ መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ ከፍታ 500 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ከተሞች በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። በመሆኑም ለኮንክሪት ልዩነት የሚያመጣው የዝናቡ መጠን ሳይሆን ከዝናቡ ጋር የሚፈራረቀው ሙቀት ነው። በጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት የአየሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሲሆን፣ በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው የኮንክሪት ገጽ ሙቀት ከዚህም በእጅጉ ይልቃል። የኬሚካል ለውጦች ፍጥነት በየ10 ዲግሪው የሙቀት ጭማሪ በእጥፍ ገደማ ያድጋል የሚለው የታወቀ ግምት ሲታሰብ፣ በመዲናዋ ለረጅም ዓመታት ሳይጎዳ የሚቆይ የኮንክሪት ሥራ በቆላው ፈጥኖ የሚያረጅበትን ምክንያት መረዳት አይከብድም። ለመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ንድፍና አንድ ዓይነት የሥራ ዝርዝር ማዘጋጀት ለአሠራር ምቹ ቢሆንም፣ ይህን ልዩነት ግን አያይም።

ኮንክሪት ጠጣር መስሎ ይታይ እንጂ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነገር ነው። ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር የሚፈጠረው ከፍተኛ የአልካላይን ባሕርይ፣ በኬሚስትሪ መለኪያ ፒኤች ከ12 በላይ የሚደርሰው፣ በውስጡ የተቀበረውን ብረት ከዝገት ይከላከላል። በአየር ውስጥ የሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዳዳዎቹ እየሰረገ ሲገባ ይህ የመከላከል አቅም ቀስ በቀስ ይዳከማል። ፒኤቹ ከ9 በታች ሲወርድ ብረቱ ጥበቃውን ያጣል፤ ውኃና ኦክስጅን ሲያገኝም ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ መጠን ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል።

የቆላው አየር ጠባይ በተለይ የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። ኮንክሪቱ ሙሉ በሙሉ በውኃ ሲርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላሉ አይገባም፤ ፈጽሞ ሲደርቅም የኬሚካል ለውጡ አይካሄድም። ለውጡ የሚፈጥነው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። ዝገት ደግሞ ከዚህ የበለጠ እርጥበት ይፈልጋል። ዝናቡና ፀሐዩ በሚፈራረቁበት አካባቢ ኮንክሪቱ ለሁለቱም ይመቻል፤ በሚደርቅበት ጊዜ ጥበቃው ይሟሟል፣ በሚርስበት ጊዜ ብረቱ ይዝጋል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ተገቢ ይሆናል። ውኃ በራሱ የኮንክሪት ጠላት አይደለም። በጉባ ቆላማ ምድር የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ዋናው አካሉ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ በሚሆን ተጠቅጣቂ ኮንክሪት የተሠራ ነው። ይህ ግዙፍ የኮንክሪት ክምር የሚቆመው በክብደቱ በመሆኑ ዕድሜውን ሁሉ ከውኃ ጋር ተጎራብቶ መኖር ይችላል። የጤና ጣቢያ መወጣጫ ግን ውፍረቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ብረቱም ከገጹ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ ነው። ስለዚህ መከላከያ የሚያስፈልገው ግዙፉ ሳይሆን ቀጭኑ ነው ማለት ይቻላል።

መከላከያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ አክሪሊክ፣ ኢፖክሲና ፖሊዩሬቴን ያሉት ከገጹ ላይ ስስ ሽፋን የሚፈጥሩ ቅቦች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ሳይሌንና ሲሎክሴን በመባል የሚታወቁት ፈሳሾች ሲሆኑ፣ ወደ ኮንክሪቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዘልቀው የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ውኃ እንዳይጠጣ ያደርጋሉ እንጂ ቀዳዳዎቹን አይደፍኑም። የዝናብ ውኃ ከላይ አይገባም፤ ከውስጥ ያለው እርጥበት ግን በተን ሆኖ መውጣት ይችላል። ገጹን የሚያጠነክሩ ሲሊኬት የተባሉ ፈሳሾችም አሉ፤ እነዚህ ለአቧራና ለመፋቅ ይጠቅማሉ እንጂ የውኃ መከላከያ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

መሬት ላይ ለተነጠፈ የግቢ ኮንክሪት በሞቃትና እርጥበታማ አካባቢ የሚመረጠው ሁለተኛው ዓይነት ነው። በክረምት ከሥሩ ያለው አፈር ውኃ ይጠግባል፤ ውኃውም በንጣፉ በኩል ወደ ላይ ይስባል። ፀሐይ ሲወጣ ይህ እርጥበት ተንኖ ለመውጣት ሲሞክር ስሱ ሽፋን ያግደዋል፤ ሽፋኑ ይነፋል፣ ይነጣል፣ በመጨረሻም ይላጣል። ኢፖክሲ ከዚህ በተጨማሪ ለፀሐይ ጨረር ሲጋለጥ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ሽፋኑ ሲያብረቀርቅ ለዓይን ደስ ስለሚል በርክክብ ዕለት ተመራጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ሳይሌን የተቀባ ኮንክሪት ካልተቀባው በመልክ እምብዛም ስለማይለይ፣ ገንዘቡ የት ገባ የሚል ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም። ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ነው። ውኃው ሲፈስበት ነጠብጣብ ሆኖ ከተንከባለለ መከላከያው ይሠራል፤ ገጹ ወዲያው ከጠቆረ አይሠራም።

እርጥበትን የሚመለከት ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ። በእያንዳንዱ ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ላስቲክ በኮንክሪቱ ላይ ተነጥፎ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ሲገለጥ ከሥሩ የውኃ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ ቅቡ እንዲጀመር መፍቀድ ገንዘብን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። ለተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይህን ለማድረግ ቤተ ሙከራም ልዩ በጀትም አያስፈልገውም።

የወቅቱ ጉዳይ ዋናው የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። በምዕራቡ ቆላ ዋናው ዝናብ በግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አንድ መሥሪያ ቤት በጀቱ ከተለቀቀ በኋላ የግዥ ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ ጨረታ አውጥቶ፣ አሸናፊ ለይቶና ውል ፈርሞ ሲጨርስ ወራት ያልፋሉ። ጥገና ደግሞ ከሌሎች ግዥዎች ኋላ የሚሰለፍ ሥራ ነው። በዚህ ሁኔታ ደረቁ ወቅት ያልፍና የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በግንቦትና በሰኔ መጣደፍ ይጀመራል። ኮንክሪቱ መራስ በጀመረበት ሳምንት ሠራተኛው ብሩሹን ይዞ ይሰማራል። ሥራው ተሠርቷል፣ ክፍያው ተፈጽሟል፣ የበጀት አጠቃቀም ሪፖርቱም መቶ በመቶ ይላል። መከላከያው ግን ያረፈው በእርጥብ ገጽ ላይ ነው።

ለሥራው ተስማሚ የሆነው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። አፈሩ ደርቋል፤ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀትም ገና አልመጣም። በጣም በሞቀ ገጽ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይተናል፤ በስስ ሽፋንነት የሚቀባ ከሆነም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር በሙቀት እየተለጠጠ ሽፋኑን በአረፋ ይሞላዋል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ሙቀት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። በቆላ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ መሥራት የሚመረጠውም የኮንክሪቱ ሙቀት በመውረድ ላይ ስለሚሆን ነው።

ከቅቡ በፊት የሚመጡ ሥራዎችን ቅቡ አይተካቸውም። በሙቀት የሚፈስ ኮንክሪት ውኃው ቶሎ ስለሚተን ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። ከተፈሰሰ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀናት፣ በፖዞላና ሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውኃ በሸራ በሚገዛበት ወይም በጀሪካን በሚመጣበት ቦታ ይህ ወጪ ቀድሞ ካልታሰበ ተቋራጩ በሁለተኛው ቀን እንደሚተወው መገመት አያዳግትም። በጋምቤላ ሜዳማ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚኮማተር ንጣፉን ያንቀሳቅሰዋል፤ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅን ደግሞ የትኛውም ፈሳሽ አይደፍነውም። ውኃ የሚያቁር ንጣፍም መጀመሪያ ተዳፋቱና ቦዩ መስተካከል ይኖርበታል። አዲስ ኮንክሪት በመከላከያ የሚቀባው 28 ቀን ከሞላው በኋላ ሲሆን፣ አሮጌው ደግሞ ሽበቱ በተበረዘ በረኪና ታጥቦ፣ በብሩሽ ተፈትጎና በሚገባ ደርቆ መሆን አለበት። የቀድሞ ቅብ ካለ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ሳይሌን ወደ ውስጥ አይገባም። እንግዳ ሲጠበቅ ወይም በዓል ሲቃረብ የግቢ ጠርዝና ደረጃ በዘይት ቀለም የመቀባት ልማዳችን ለቀጣዩ የጥገና ባለሙያ ትልቅ ሥራ ትቶ እንደሚያልፍ እግረ መንገድ መጥቀሱ አይከፋም።

የጨረታ ሰነድን በተመለከተ፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ውኃ መከላከያ ቅብ፣ በካሬ ሜትር» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ተጫራች ርካሹንና አብረቅራቂውን ይዞ ይመጣል፤ በሰነዱ መሠረትም ትክክለኛ ነው። የፈሳሹ ዓይነት፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሚፈጀው መጠን፣ የእርጥበት ፍተሻውና የሚሠራበት ወር በሰነዱ ካልሰፈሩ ተቆጣጣሪው የሚይዘው ነገር አይኖረውም። የርክክቡም ጊዜ እንዲሁ ነው። ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ በተለምዶ አንድ ዓመት ይሰጣል። በኅዳር ተቀብቶ በኅዳር የሚረጋገጥ ሥራ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል። በሰኔ ተቀብቶ በሰኔ የሚረጋገጠውም እንዲሁ አንድ ክረምት ቢያልፍበትም፣ ምርመራው የሚካሄደው ገጹ ዳግም ሲርስ በመሆኑ የፈሰሰበትን ውኃ መጠጣት አለመጠጣቱን ለመለየት ያስቸግራል።

መንግሥት በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የመንገድ ፈንድን ሲያቋቁም ከነዳጅ የሚሰበሰብ ገቢ ለጥገና እንዲውል የተደረገው፣ ለግንባታ የዋለ ሀብት ያለ ጥገና እንደሚባክን በመታመኑ ነበር። የመሥሪያ ቤቶች ግቢ ለራሱ የተለየ የገቢ ምንጭ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ በመደበኛ በጀት ለሕንፃ ጥገና የሚያዘው ርዕስ አለ። የሚጎድለው ጥያቄው በጊዜው መቅረቡ ነው። የንጣፉ ጉዳት በግልጽ የሚታየው ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ ተለክቶና ተመዝግቦ ከተያዘ ለቀጣዩ ዓመት የሚቀርበው የበጀት ጥያቄ በዓመቱ አጋማሽ ሲዘጋጅ ይደርሳል። ጨረታው በሐምሌና በነሐሴ ወጥቶ ዕቃው እስከ ጥቅምት ከገባ ብሩሹ በኅዳር ይነሳል።

ገንዘቡ በሰኔ የተገኘ እንደሆነ ግን ዕቃውን ገዝቶ እስከ ኅዳር ማቆየት ከወዲያውኑ መቀባት የተሻለ ነው። በዚህ ጊዜ የአገልግሎት ማብቂያው በርክክቡ ዕለት ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። ማስቀመጫውም ፀሐይ የሚያግለው የቆርቆሮ መጋዘን ሳይሆን ጥላና አየር ያለው ክፍል መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ እነዚህ ፈሳሾች በሙቀት ስለሚበላሹ፣ አንዳንዶቹም ተቀጣጣይ ስለሆኑ ነው።