በጩኸት የሚቃኝ ሞተር

በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚበሩባቸው ሜዳዎች ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ግሎው ሞተሩ ይነሳል፤ የካርቡራተሩ አፍ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ከዚያ የነዳጁ መርፌ በጥቂት በጥቂቱ እየጠበቀ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሰላል። ከዚህ በላይ መጮኽ ሲያቅተው “አሁን ተቃኘ” ይባልና አውሮፕላኑ ይነሳል። የሚፈለገው ከፍተኛው ዙር ከሆነ እዚያ ላይ ማቆሙ ትክክል ይመስላል። እንደ እኔ ግን አዲስ ሞተርን ያለ ዕድሜው የሚቀብር ከዚህ የባሰ ልማድ የለም።

ግሎው ሞተር ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ የለውም። በካንዴላው ውስጥ ያለው የፕላቲነም ቅይጥ ሽቦ ለማስነሻ ያህል በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ግለቱን የሚያቆየው የሜታኖሉና የፕላቲነሙ ኬሚካዊ መስተጋብር፣ እንዲሁም ከቀደመው ቃጠሎ የተረፈው ሙቀት ነው። ስለዚህ ቃጠሎው መቼ እንደሚጀምር የሚወስኑት ሙቀቱ፣ እመቃውና የነዳጅና የአየር ድብልቁ መጠን ናቸው። ነዳጁ አንሶ ድብልቁ ሲሳሳ ቃጠሎው ይቀድማል፤ ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን መልሶ ይገፋዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የመኪና ሞተር ዘይቱ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ የዚህኛው ዘይት ግን የሚገባው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ በተለመደው ነዳጅ ውስጥ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የጉሎ ወይም ሰው ሠራሽ ዘይት ነው። መርፌውን ያጠበቀ ሰው እንግዲህ የቢዬላውንና የኩሽኔታውን ቅባት አብሮ ቀንሷል። ሜታኖል ሲተን ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ስለሚወስድ ማቀዝቀዣውም እሱ ነው፤ ነዳጁ ሲያንስ ቅዝቃዜው ያንሳል። ሞተሩ አብዝቶ የሚሠራው ቅባቱም ቅዝቃዜውም በጎደለበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ይህም ሁሉ መሬት ላይ ነው። አየር ላይ ፕሮፔለሩ ወደፊት እየተጓዘ ስለሚሽከረከር ሸክሙ ይቀልለታል፤ ዙሩ ይጨምራል፣ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅም ይጨምራል። አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና ከኋላ ያለው ሳልባትዮ ከካርቡራተሩ በታች ይሆናል፤ ነዳጁ ሽቅብ መሳብ አለበት። በረራው ሲረዝም ደግሞ የነዳጁ ከፍታ ራሱ ይወርዳል። ከማርሚታው ወደ ሳልባትዮው የሚሄደው ግፊት ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። መሬት ላይ ጫፍ ላይ የቆመ ቅኝት እንግዲህ ወደ ሰማይ ሲወጣ ከጫፉ ያልፋል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ከከፍተኛው ዙር በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ዙር ዝቅ አድርገው የሚተዉት ለዚህ ነው።

“ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካንዴላውን አቀዝቅዞ አየር ላይ ይጠፋል” የሚለው መቃወሚያ እውነትነት አለው፤ ያለ ልክ የበዛበት በእርግጥ ይጠፋል። እኔ የምለው ግን ስለ ጥቂት ብልጫ ነው። ደግሞም ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙር ሲነሳ የሚንተባተበው ብዙ ጊዜ የዝቅተኛው ዙር ማስተካከያ ስላልተበጀ ነው፤ ሰው ግን ለዚያ በሽታ ዋናውን መርፌ ያጠብቃል። የፍጥነት ተወዳዳሪዎችስ እስከ ጫፍ አይሄዱም ወይ? ይሄዳሉ፤ ግን አየር ላይ ነው የሚደርሱበት። በሽቦ የሚታሰሩት የፍጥነት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ነዳጅ በዝቶባቸው ይነሳሉ፣ ሲፈጥኑ ራሳቸው ይሳሳሉ። በሽቦ ታስረው ትርዒት የሚያሳዩት አውሮፕላኖች ሞተሮች፣ ለምሳሌ ዝነኛው ፎክስ 35፣ ከዚህም አልፈው ቀጥ ባለው በረራ ሆን ተብሎ ነዳጅ ይበዛባቸዋል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሲቀና ድብልቁ ሳስቶ በሚፈለገው ሰዓት ጉልበት ይመጣል። የተወዳዳሪው ምሳሌ የሚመሰክረው ለእኔ ነው።

መመሪያው ላይ የተጻፈውን የመርፌ ዙር ብቻ መከተልም መፍትሔ አይሆንም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ በአምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ዝቅ ባለ አገር የተጻፈ ቁጥር እዚያ ነዳጅ ያበዛል። መፈተኛው ግን ርካሽ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ የነዳጁን ቱቦ ለአፍታ ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅ፦ ዙሩ ትንሽ ጨምሮ ከወረደ ነዳጁ በጥቂቱ በዝቷል፣ ጥሩ ነው፤ ሳይጨምር ወዲያው ከወረደ ሳስቷል፣ መርፌው ይላላ። ቀጥሎ አውሮፕላኑን አጥብቆ ይዞ አፍንጫውን ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ሰማይ ማቅናት ነው። በዚያ ቁመና ዙሩ የሚወርድ ከሆነ፣ መሬት ላይ የቱንም ያህል ቢጮኽ ያ ሞተር ለመነሳት አልተዘጋጀም።