ከብቱ የሚገዛው አባትነትን ነው

በጋምቤላ በሚኖሩት ኑዌሮች ባህል መውለድ ያልቻለች ሴት ከብት ካላት ሚስት ታገባለች። ጥሎሹን እንደማንኛውም ወንድ ትሰጣለች፤ ለሚስቷ የሚሆን ወንድም ትፈልጋለች፤ ብዙ ጊዜ ከብት የሌለው ደሃ ወይም ከሌላ ወገን መጥቶ የተጠጋ ሰው ነው። የሚወለዱት ልጆች በእሷ ስም ይጠራሉ፤ የሚቆጠሩትም በእሷ ዘር ነው። አባታቸው እሷ ናት። እናታቸው ግን አይደለችም። እናትነት ከወለደችው ሴት ጋር ይቀራል፤ በረቱ ሙሉ ቢነዳም አይወስደውም።

ለሌላ ሰው አርግዛ ለምትወልድ ሴት፣ ማለትም ለምትክ እናት፣ ምን ያህል ይከፈላት የሚለው ክርክር ዛሬ የሐብታም አገሮች ጉዳይ መስሎ ይታያል። የጋምቤላ ሰው ግን በማህፀንና በክፍያ መካከል ያለውን ዝምድና ሲያሰላ ኖሯል። ከዚህ ስሌት የማገኘው ነገር ይህ ነው፤ ስንት ይከፈል ከማለት በፊት ክፍያው ምን እንደሚገዛና በማን እጅ እንደሚገባ መታወቅ አለበት። የኑዌር ባህል የመጀመሪያውን ጥያቄ ከካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በተሻለ መልሶታል። በሁለተኛው ግን ወድቋል።

ይህን ሥርዓት በሰፊው የመዘገበው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኑዌሮች ጋር ኖሯል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በዚሁ በእኛ ጠረፍ የኑዌሮችን ጎረቤቶች አኝዋኮችን አሰልፎ ጣሊያንን ተዋግቷል። የጻፈው የሱዳን ቅኝ ገዢ መንግሥት እነዚህን ሰዎች ማወቅ በፈለገበት ወቅት ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበባል። ስለ ጥሎሽ የሰጠው ዝርዝር ግን ዛሬም ይጠቅማል። እንደ ደንብ የሚነገረው ቁጥር 40 ከብት ነው፤ ከፊሉ ለሙሽራዋ የአባት ወገን፣ ከፊሉ ለእናቷ ወገን ይደርሳል። አጎትም አክስትም የየድርሻውን ያውቃል። ሰው ሳያገባ ቢሞት ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱት የሟቹ ልጆች ናቸው። በሴቶቹ ጋብቻ ዘሩን የሰጠው ሰውዬ እንኳ አይረሳም፤ ሴት ልጅ ተወልዳ ስትዳር አንድ ላም ይሰጠዋል።

እንግዲህ ቁጠሩ። አባቷ ያገኛል፣ ወንድሞቿ ያገኛሉ፣ አጎቷ ያገኛል፣ ሌሊት መጥቶ የሄደውም ሰው ያገኛል። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው፣ ያማጠችውና ያጠባችው ሴት በራሷ እጅ የምትቀበለው የለም። ክብር የላትም ማለቴ አይደለም። ትዳሩ የሚጸናው በእሷ መውለድ ነው፤ መጀመሪያ ልጅ እስክትወልድ በወላጆቿ ቤት ትቆያለች፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ ጋብቻው ቢፈርስ እንኳ ከብቱ እንዳለ አይመለስም። እናትነቷንም ማንም አይነጥቃትም። ነገር ግን የድካሟ ዋጋ በሌሎች በረት ውስጥ ያድራል።

በአኝዋኮች ዘንድ ደግሞ ለጥሎሽ የሚሄደው ከብት ሳይሆን ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ ነበር። ዶቃው ውስን ስለነበር ወንድም የሚያገባው በእህቱ ጥሎሽ ነው፤ ደርግ ዲሙይን ኋላቀር ልማድ ብሎ ሲዘምትበት ጥሎሹ ወደ ብር ዞረ። የእህት ማህፀን የወንድምን ትዳር መክፈቱ ግን አልቀረም።

ብር ሲመጣ ነገሩ ምን እንደሚሆን አሜሪካዊቷ ሻሮን ሀቺንሰን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው መጽሐፍ አሳይታለች። ኑዌሮች ለእሷ የነገሯት ገንዘብ ደም የለውም የሚል ነው። ከብት ይወልዳል፣ ይታወቃል፣ ስም አለው፤ ከማን በረት እንደመጣ ይነገራል። ስለዚህ ከብት ሰጪና ተቀባይን እንዳስተሳሰረ ይኖራል። ገንዘብ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነገሩን ይዘጋዋል። ዛሬ በጋምቤላ ከተማ መሃል ያሉት ባንኮች በአሜሪካ ካሉት ከሚኒሶታና ከኦማሃ የሚላክ ዶላር ያስተናግዳሉ፤ ከፊሉም ጥሎሽ ይሆናል። ሆኖም ሲደራደሩ የሚቆጥሩት አሁንም በከብት ነው፤ ይህን አጉል ወግ አጥባቂነት ብሎ ማለፍ የነገሩን ቁም ነገር መሳት ይመስለኛል።

የዓለም የምትክ እናትነት ገበያ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ የሚከፍለው ዝምድናው እንዲዘጋ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርዚ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተወለደችውና በፍርድ ቤት መዝገብ ቤቢ ኤም የተባለችው ሕፃን የ10,000 ዶላር ውል ነበረባት። የወለደቻት ሴት ልጄን አልሰጥም አለች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉን ሽሮ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትደግ፣ የወለደቻት ግን ሕጋዊ እናቷ ናት፣ ትጠይቃታለች ብሎ ፈረደ። የኑዌር ሽማግሌ ይህን ፍርድ ቢሰማ አይደንቀውም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እንቁላሉ የሌላ ሴት ከሆነ፣ እናት የምትባለው ልጁ እንዲወለድላት አስባ ያስጀመረችው ናት አለ። ገበያው የተከተለው ይህንን ነው። በካሊፎርኒያው ውል ግን ለእኛ የሚጠቅም ዝርዝር አለ፤ እዚያም ክፍያው 10,000 ዶላር ሆኖ በየጊዜው የሚከፈል ሲሆን ለአርጋዧ የ200,000 ዶላር የሕይወት መድን ተገብቶ ነበር።

በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመሃንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ ከማህፀን ውጭ ፅንስ ማስጀመር ከእንግዲህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የእናትነት መሠረቱ መውለድ ብቻ ነው ይላሉ። በዚህ ነጥብ አዲስ አበባና ጋምቤላ አንድ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ሴት ልጅ ለማስረከብ ገንዘብ ብትዋዋል የምትሸጠው ሕጉም ባህሉም የማይሸጥ ያሉትን ነገር ነው።

ታዲያ በነፃ ትውለድ? ብሪታንያ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድለላውን ከልክላ ተገቢ ወጪ ብቻ ይሸፈን ትላለች፤ ህንድም ለዓመታት የውጭ አገር ደንበኛ ስታስተናግድ ቆይታ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ንግዱን ዘግታለች። ሐሳቡ ቅን ነው። ቤተሰብ በሚያዝባት አገር ግን በነፃ ማለት ብዙ ጊዜ በግዴታ ማለት ነው። ለመሃኗ እህትሽ አንድ ውለጂላት ተብላ በሽማግሌ ፊት የተቀመጠች ልጅ እምቢ የምትልበት አፍ የላትም። የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ለዚህ አደጋ ምስጋና ብቻውን አይበቃም።

የእኔ አቋም ክፍያ ይኑር፣ ግን ለሸክሙ ይሁን የሚል ነው። ለተጓደለ ሥራዋ፣ ለክትትሉ፣ ለአደጋው፣ ወሊዱ በቀዶ ሕክምና ካለቀም ለማገገሚያው ይከፈላት። ፅንሱ ቢጨነግፍ ወይም ልጁ ሞቶ ቢወለድ ክፍያው አይቀነስ፤ የሚቀነስ ከሆነ ዋጋ የተቆረጠው ለልጁ ነው ማለት ነው። የህንድ ሕግ ለአርጋዧ የ36 ወር የጤና መድን አስገዳጅ ማድረጉ ሊኮረጅ ይገባል። ልጁም ማን እንደወለደችው ይወቅ፤ በጋምቤላ ይህ ተደብቆ አያውቅም፣ ማንንም አላፈረሰም።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍያው በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። በስሟ የባንክ ሒሳብ ይከፈትና ይግባላት ማለት ቀላል ነው። ይህን ብሎ የሚያርፍ ሕግ አውጪ ግን በጋምቤላ ከተማ ያለውን የኒውላንድን ሠፈር አያውቅም፤ ሊያገባ ሃያ ከብት የጎደለው ወንድም የእህቱን ሒሳብ ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም፤ እሷም ብትሆን ወንድሟ ሳያገባ እንዲቀር አትፈልግም። እንግዲያው ገንዘቡ በአንድ ቀን ጠቅልሎ ከሚወርድ በየወሩ ቢከፋፈል፣ ከፊሉም በመድንና በሕክምና መልክ ቢሰጥ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ጊደር የማይገዛ ገንዘብ ከእጇ ቶሎ አይወጣም።