ፕሪሚየም ላጠጣት?

በዓል ሲደርስ መኪናቸውን ፕሪሚየም የሚያጠጡ ሰዎች አውቃለሁ። ረጅም መንገድ ሲነሡም እንዲሁ ናቸው። ወደ አትላንታ ወይም ወደ ሚኒሶታ ሊነዱ ሲሉ «ዛሬስ ደህናውን ላጠጣት» ብለው ውዱን ቁልፍ ይጫናሉ። ከርማ ከርማ ሬጉላር ስትጠጣ የኖረች ካምሪ በዚያች ቀን ክብሯ ከፍ ይላል። ባለቤቷም ሃይዌይ ላይ ከወጣ በኋላ «ይታወቀኛል፣ ቀለል ብላለች» ይላል።

ሌላው ወገን በጠርሙስ ያምናል። ፕሪሚየም የባለ ቢኤምደብሊው ነው ብሎ ትቶታል፤ በምትኩ አውቶ ፓርትስ ገብቶ ከመደርደሪያው ላይ «ኢንጄክተር ያጸዳል፣ ኃይል ይመልሳል» የሚለውን ይገዛና ታንኩ ውስጥ ያንቆረቁራል። ሁለቱ ወገኖች ኤርፖርት ላይ ተራ ሲጠብቁ ከተገናኙ ክርክሩ አይጣል ነው። በዲሲና በአካባቢው ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ስንቱ የእኛ ሰው እንደሆነ ስለምታውቁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከራከሩ አልነግራችሁም።

ክርክሩ የማይቋጨው ፕሪሚየሙም ጠርሙሱም አንድ ሥራ የሚሠሩ ስለሚመስል ነው። ኧረ አይሠሩም። ፕሪሚየም የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ፣ ጠርሙሱ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ። ከዚህም በላይ፣ አብዛኞቻችን የምንነዳት መኪና ሁለቱንም ጥያቄዎች አልጠየቀችም።

ፓምፑ ላይ በቢጫ መደብ የተጻፉትን ቁጥሮች እንያቸው፤ 87፣ 89፣ 93። እነዚህ የኦክቴን ቁጥሮች ናቸው። የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ሲሞቅ፣ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በገዛ ራሱ እንዳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚችል። ከፍ ያለ ኦክቴን ማለት ትዕግሥተኛ ቤንዚን ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የበለጠ ኃይል አልያዘም፤ ቁጥሩ ስለ ንጽሕናው የሚለው ነገርም የለም። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲነድ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከበረታ ፒስተን ድረስ ይጎዳል። ቱርቦ ያለው ወይም አየሩን አጥብቆ የሚያምቅ ሞተር ብዙ ጊዜ ትዕግሥተኛውን ቤንዚን የሚፈልገው ለዚህ ነው። በ87 እንዲሠራ የተነደፈ ሞተር ግን 93 ቢሰጠው ተጨማሪውን ትዕግሥት የሚያውልበት ቦታ የለውም። አቃጥሎት ያልፋል።

ታዲያ «ፕሪሚየም ሞተር ያጸዳል» የሚለው እምነት ከየት መጣ? ሐበሻ የፈጠረው አይደለም። ማስታወቂያ የፈጠረው ነው፤ ለዚህም መዝገብ አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኤክሰንን ከሰሰው። ኩባንያው 93 ኦክቴን ቤንዚኑን ሲያስተዋውቅ የመኪና ጥገና ወጪ ይቀንሳል ብሎ ነበር፤ ኮሚሽኑ ደግሞ ለዚህ በቂ ማስረጃ የለህም አለው። ነገሩ በ1997 በስምምነት አለቀ። የስምምነቱን ይዘት ሳነብ ግን ፈገግ አልኩ፤ ኤክሰን በራሱ ገንዘብ ሌላ ማስታወቂያ ሠርቶ፣ ለአብዛኛው መኪና ሬጉላር ትክክለኛው እንደሆነና ሰው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንዲያይ ለሕዝቡ እንዲናገር ተደረገ። ነጋዴ ቆሞ «ውዱን አትግዙኝ» እንዲል የሚገደድበት ቀን ብዙ አይደለም። ያ ማስታወቂያ ግን ተረሳ፤ የቀደመው ወሬ ቀረ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ የአሽከርካሪዎች ማኅበሩ ትሪፕል ኤ ሲያጠና፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 16.5 ሚሊዮን አሜሪካውያን ሬጉላር ለምትበቃት መኪና ፕሪሚየም ሞልተው 2.1 ቢሊዮን ዶላር ያለ ጥቅም ማውጣታቸውን ገመተ።

ለኛ ሾፌሮች ደግሞ ሒሳቡ ከዚህ ይመርራል፤ እኛ የምንነዳው ለሽርሽር አይደለምና። በዓመት 40,000 ማይል የምትሄድ፣ በጋሎን 30 ማይል የምትሰጥ ካምሪ 1,333 ጋሎን ትጠጣለች። በሬጉላርና በፕሪሚየም መካከል ያለው ልዩነት 80 ሳንቲም ነው ብንል፣ ሁልጊዜ ፕሪሚየም የሚሞላ ሰው በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ለምንም ከፈለ ማለት ነው። ጎማ አራቱንም የሚቀይር፣ ፍሬን የሚያሠራ፣ ዘይት ዓመቱን ሙሉ የሚያስቀይር ገንዘብ ነው።

«ቆይ፣ ማጽጃው ግን ፕሪሚየም ውስጥ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ሬጉላሩ ውስጥም አለ። ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ማጽጃ እንዲጨመርበት ሕግ ያስገድዳል። መኪና አምራቾቹ ግን ሕጉ የጠየቀው መጠን አነሰብን አሉ። በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ተሰባስበው ቶፕ ቲየር የሚባል ከፍ ያለ መለኪያ አወጡ፤ በኋላ ሌሎችም ተቀላቀሉ። የዚህ መለኪያ ትልቁ ነገር፣ ማደያው ምልክቱን ለመለጠፍ ከሬጉላር እስከ ፕሪሚየም ያለውን ሁሉ በዚያ መጠን ማጽጃ መሸጥ አለበት። ትሪፕል ኤ ቶፕ ቲየር የሆነውንና ያልሆነውን ቤንዚን በ4,000 ማይል ግልቢያ ልክ ሲያነጻጽር፣ ያልሆነው በአየር ማስገቢያ ቫልቮች ላይ የተወው ቆሻሻ በአማካይ 19 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ሼል፣ ኤክሰን፣ ሞቢል፣ ሼቭሮን፣ ኮስትኮ ምልክቱ አላቸው። ኮስትኮ ላይ ተሰልፎ የሚሞላ ሰው ርካሽ ፈላጊ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ስም ከሌለው ማደያ ፕሪሚየም ከሚሞላው የተሻለ ሊታጠብ ይችላል።

እውነት ለመናገር፣ አንዳንድ ኩባንያ በፕሪሚየሙ ውስጥ ከሬጉላሩ የበዛ ማጽጃ ይጨምራል፤ የሼል ቪ ፓወር ለዚህ ይጠቀሳል። ስለዚህ ፕሪሚየም የሚሞላው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። የምለው፣ ትንሽ ሳሙና ፍለጋ በየጋሎኑ ያን ያህል መክፈል አያዋጣም ነው። ሳሙና ከፈለገ ለብቻው ይገዛል።

ለብቻው የሚገዛው ጠርሙሱ ነው። ጠርሙስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ፊት ለፊቱን ትቶ ጀርባውን ማንበብ ይገባል፤ የሚፈለገው ፖሊኢተርአሚን፣ በአጭሩ ፒኢኤ የሚባለው ነው። ኢንጄክተርና ቫልቭ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤንዚኑ የሚነድበት ክፍል ውስጥ የተጋገረውንም ካርበን የሚያነሣ በመሆኑ ስም ያለው እሱ ነው። የሼቭሮን ቴክሮን በዚህ ይታወቃል። በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ግን አብዛኛው ይዘታቸው ላምባ መሰል ፈሳሽ የሆነ፣ ማጽጃቸው ጠብታ የሆነ አሉ። «ኦክቴን ቡስተር» የሚለው ጠርሙስ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ዕቃ ነው፤ እሱን ለጽዳት የገዛ ሰው ዞሮ ዞሮ ፕሪሚየሙን በጠርሙስ ገዛው።

ማን ይግዛው? ያገለገለች መኪና ገዝቶ፣ የቀድሞው ባለቤት ምን ሲሞላባት እንደኖረ የማያውቅ ሰው። ወይም ቆማ ስትሠራ መንቀጥቀጥ የጀመረች፣ ጋዝ ሲሰጧት የምታመነታ አሮጌ መኪና ያለው። አንድ ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት ታንክ ውስጥ ማድረግ፣ ከዚያ መሙላት፣ ያንን ታንክ ነድቶ መጨረስ። ካልተሻላት ሁለተኛውን ከመግዛት ሜካኒክ ማሳየት ይሻላል፤ የተበላሸ ኮይል በፈሳሽ አይድንም። ያለ ማቋረጥ ቶፕ ቲየር የሚሞላ ሰው ግን ጠርሙሱን ጨርሶ ባይገዛም ምንም አይቀርበትም ባይ ነኝ።

አሁን ሁለቱንም ወገኖች ዝም የሚያሰኘው ነገር ይምጣ። ባለፉት ዓመታት ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ ዳይሬክት ኢንጄክሽን ናቸው፤ ቤንዚኑ የሚረጨው ቫልቩ ጀርባ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ቫልቩን ድሮ ያጥበው የነበረው ቤንዚን በዚያ በኩል ማለፉን አቆመ። ከሞተሩ ዘይት የሚወጣው ጉም ግን ማለፉን አላቆመም፤ እየሄደ ቫልቩ ላይ ይጋገራል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጄ ዘንድ ሆኜ ይህንን በዓይኔ አየሁ። አንድ ትልቅ ሰው ሴዳናቸውን አምጥተው ኮፈኑ ተከፍቷል። ሜካኒኩ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ካሜራ በአየር ማስገቢያው በኩል ሰደደና ስልኩን አዞረላቸው። ቫልቩ ጥቁር ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ቅርፊት ተከምሮ የብረቱ ቅርጽ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ምን ነበር የሚሞሉባት?»

«ፕሪሚየም ነዋ! ጠርሙሱንም በየወሩ አላስቀርባትም።»

«እዚህ ቦታ አንዱም አልደረሰም።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም፣ ጋሼ። በዚህ በኩል ቤንዚን አያልፍም።»

ሰውየው መልስ አልሰጡም፤ ስልኩን ተቀብለው ምስሉን በሁለት ጣታቸው አጎሉት። መድኃኒቱ አየር ማስገቢያውን ፈቶ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በግፊት ማጠብ ነው፤ ጥቂት መቶ ዶላር ያስወጣል። የሚያጽናናው፣ ቶዮታ ችግሩን አውቆ በብዙ አዳዲስ ሞተሮቹ ላይ ሁለት ዓይነት ኢንጄክተር አድርጓል፤ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ፣ ሌላው ቫልቩ ጀርባ ይረጫል። ከ2018 ወዲህ ያሉት ባለ 2.5 ሊትር ካምሪዎች እንዲህ ናቸው። የእርስዎ መኪና ከየትኛው እንደሆነች ሳያውቁ ጠርሙስ መግዛት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ቤት መግባት ነው።

ፕሪሚየም የሚገባቸው መኪኖች አሉ፤ እነሱን አልረሳሁም። የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ከፍተው ይዩ። «ሪኳይርድ» ካለ ግዴታ ነው፤ ያገለገለ ቢኤምደብሊው በርካሽ ገዝቶ 87 የሚሞላ ልጅ ካለ ይምከሩልኝ። «ሪኮሜንድድ» ካለ ግን ምርጫ ነው። ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ሴንሰሩ ሰምቶ እሳቱን ያዘገየዋል፤ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይሰበርም። ትሪፕል ኤ በ2017 እንደዚህ ያሉትን ፈትኖ ፕሪሚየሙ በአማካይ ያተረፈው የነዳጅ ቁጠባ 2.7 በመቶ ነበር፤ ዋጋው ግን ከዚያ እጅግ በላይ ይጨምራል። ተራራ መውጣት፣ ዕቃ መጎተት ከሌለ እኔ አልሞላም። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ፓምፑ ላይ 85 ታያላችሁ፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኳኳቱ ይቀንሳል ከሚል የድሮ ልማድ የመጣ ነው። የዛሬ መኪኖች መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ87 አትውረዱ ስለሚል እዚያ ላይ መሰሰት አያስፈልግም።

ይህን ስጽፍ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። አጋጣሚው ይገርማል፤ ጥያቄው ስለ ጠርሙሱ ነው። ቪትዙ ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለችው «ከዚያ የሚመጣውን ማጽጃ ላክልኝ» አለኝ። እዚያ ፕሪሚየም ወይስ ሬጉላር የሚባል ጭንቀት የለም፤ በጅቡቲ የሚገባው ቤንዚን አንድ ነው፤ የማደያው ስም ቢለያይም ከፓምፑ የሚወጣው ያው ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ማደያው ሲደርቅ ከጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃም አቧራም ይዞ ይመጣል፤ ለዚህ ፒኢኤ ምንም አያደርግም። መጀመሪያ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀይር፣ ከዚያ ኢንጄክተሩን አስፈትተህ አሳጥብ፣ እዚያው በቅርብ የሚያጥቡ አሉ አልኩት። ጠርሙሱ ደግሞ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለሆነ በሻንጣ አውሮፕላን ላይ እንደማይወጣ ነገርኩት።

«እሺ» አለ፤ ጥቂት አሰበና «በመርከብ ግን መኪና የሚልክ ሰው ታውቃለህ?» አለኝ።