መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሠርጉም፣ በተዝካሩም፣ በማኅበሩም ጠላና አረቄ ይቀርባል። መጠጥ ስለሚያመጣው ጉዳት ብዙ ተብሏል። እኛ ልናነሣ የወደድነው ግን መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣውን አደጋ ነው።

ለዓመታት አረቄ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው አእምሮው ታወከ እንበል። ቤተሰቡ ተጨንቆ ወይ ቤት ይዘጋበታል፤ ወይ ጠበል ይወስደዋል። በሁለቱም ስፍራ መጠጡ በአንድ ጊዜ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ያለበትን ስፍራ ሊስት፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊጮኽ ይችላል። በዙሪያው ያሉትም «ያደረበት ተነሣ» ይላሉ። በሕክምናው ስሙ ዴሊሪየም ትሬመንስ ነው፤ ካልታከመም ሊገድል ይችላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አልኮል፣ አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያጠናክራል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ደግሞ ያዳክማል። አንጎልም ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል። መጠጡ ሲቋረጥ ግፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ በትከሻው ይገፋው የነበረው በር ድንገት የተከፈተበት ሰው ወደ ፊት እንደሚወድቅ ማለት ነው።

ስለዚህ «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፤ ከዚያ አእምሮው ይታከማል» የሚለውን አባባል አንቀበለውም። ሁለቱ በአንድነት መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ የአልኮልን ችግር ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ጋር አካትቶታል። ሕክምናውም በባለሙያ ክትትል የሚሰጥ ዳያዚፓም፣ ታያሚን የተባለው ቫይታሚንና በቂ ፈሳሽ ነው። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል እስኪደረስ ክፉዎቹ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለሆነም የመጀመሪያው እርዳታ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መገኘት ይኖርበታል።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር። ያን ጊዜ ያየውን ለመርሳት አረቄ የያዘ ወገን ቢኖር ወቀሳ አይፈውሰውም፤ እንዲያውም የሚጠጣውን እንዲደብቅ ያደርገዋል። የተደበቀ መጠጥ ደግሞ ባለሙያውን ያሳስታል።

ጠበሉን ተዉ አንልም። ጸበልተኛው መጠጥ ከማቋረጡ በፊት ባለሙያ ይየው፤ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲቃዥ ከታየም በገመድ ከማሰር ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ እንላለን። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትመለሱ ተማሪዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥማችሁ ያለ ነቀፋ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ በቀን ምን ያህል ይጠጣ ነበር? መጨረሻ የጠጣውስ መቼ ነው? መልሱን ለጤና ባለሙያው አድርሱ። ይህች ትንሽ መልእክት የአንድን ሰው ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።